የሞላ መጋዘን፣ ባዶ መደርደሪያ

በተርጓሚዎች ዘንድ ብዙም ክርክር የማይነሣበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ግጥም ይከብዳል፤ ቀልድ ድንበር ሲሻገር ይሞታል፤ ተረትና ምሳሌ እንደየአገሩ ነው፤ የኢኮኖሚ ጽሑፍ ግን የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው ይባላል። ገበያ የትም ገበያ ነው፤ አቅርቦትና ፍላጎትም የትም ያው ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስያሜ በሌላው ቋንቋ የተመዘገበ አቻ አለ፤ ተርጓሚው አቻውን አንሥቶ ያስቀምጣል፣ አለቀ። ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ የንግድና የዕቅድ ሰነድ የሚመልሱ ብዙዎች የሚሠሩት ይህን አምነው ነው። እኔ ግን እምነቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የሸቀጥ መትረፍንና የፍላጎት መሟላትን የሚመለከቱት የሩሲያኛ ቃላት በአቻ ቃል ሲተረጎሙ ለአንባቢው የሚደርሰው የደበዘዘ ትርጉም አይደለም፤ የተገለበጠ ነው። ምክንያቱም እነዚህ ቃላት ያደጉት ዋጋን የመንግሥት ኮሚቴ በሚቆርጥበት አገር ነው። የእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው ደግሞ ዋጋ እንደ ሁኔታው ይወጣል ይወርዳል የሚለውን ሐሳብ ሳይናገሩት በሆዳቸው ይዘውታል።

ዋናውን ቃል እናስቀድም። በሚካኢል ጎርባቾፍ ዘመን፣ በተለይ በ1980ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በሶቪየት የመንግሥት ሰነዶችና ጋዜጦች «ናሲሽቼኒዬ ሪንካ» የሚል ሐረግ ይደጋገም ነበር። ሁለተኛው ቃል «የገበያ» ማለት ሲሆን የመጀመሪያው የወጣው ጥጋብን ከሚያመለክት ሥር ነው። ገበያውን ማጥገብ ብንለው ከመንፈሱ አንርቅም፤ ሰው የሚፈልገው ዕቃ በየሱቁ እንዲገኝ፣ ወረፋው እንዲያጥር ማድረግ ነው። ቃሉ የተስፋ ቃል ነበር። መዝገበ ቃላቱ በእንግሊዝኛ «ማርኬት ሳቹሬሽን» ይላል፤ አልዋሸም፣ የእንግሊዝኛውም ሥር ጥጋብ ነው። ልዩነቱ የማን ጥጋብ ነው የሚለው ላይ ነው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ከሻጩ ወገን ሆኖ ነው፤ ሊገዛ የሚችለው ሁሉ ገዝቶ ጨርሷል፣ አዲስ ደንበኛ የለም፣ ትርፍ ይሟጠጣል፣ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ሌላ ቢሄድ ይሻለዋል ማለቱ ነው። ሩሲያኛው የሚናገረው ከበላተኛው ወገን ሆኖ ነው። እንግዲህ አንድ የሶቪየት ሚኒስትር ትልቁ ተግባራችን የገበያውን ናሲሽቼኒዬ ማፋጠን ነው ሲል፣ በእንግሊዝኛ የሚያነበው የንግድ ሰው ባለሥልጣኑ የራሱን ገበያ ለመዝጋት የቸኮለ ይመስለዋል። ግራ ከተጋባ ደግ ነው፤ ይጠይቃል። የሚያስፈራው ግራ ሳይጋባ ሲቀር ነው፤ በዚያ አገር ሸቀጥ ተትረፍርፎ የሽያጭ ዕድገት ቆሟል ብሎ ያልፋል። በ1989 የበጋ ወራት የኩዝባስ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ካነሷቸው አቤቱታዎች አንዱ ግን የሳሙና መጥፋት ነበር። ከጉድጓድ ጥቁር ለብሶ የሚወጣ ሰው መታጠቢያ ሳሙና አጥቶ ነበር።

«ዛቶቫሪቫኒዬ» የሚለው ቃል ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳስታል። «ቶቫር» ሸቀጥ ነው፤ ቃሉ በጠቅላላው በሸቀጥ መታፈን እንደ ማለት ነው። መጋዘኑ ወይም ሱቁ የማይሄድ ዕቃ ይዞ ቀርቷል፤ ነጋዴዎቻችን ዕቃው ተኛብኝ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ተርጓሚዎች አንዳንዴ «ኦቨርፕሮዳክሽን»፣ አንዳንዴ «ግላት» (መትረፍረፍ) ይሉታል። የመጀመሪያው ጸሐፊውን ያላለውን ያስብለዋል። በማርክሳዊው ትምህርት ከመጠን በላይ የማምረት ቀውስ የካፒታሊዝም በሽታ ነው፤ ለእርሱም ሩሲያኛ «ፔሬፕሮይዝቮድስትቮ» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ስታሊን በ1930 በፓርቲው 16ኛ ጉባኤ ላይ በሶቪየት ኅብረት የሕዝቡ የመግዛት አቅም ምንጊዜም ከምርቱ ቀድሞ ስለሚያድግ ምርቱን ወደፊት ይገፋዋል ብሎ ነበር። ይህ ከተባለ በኋላ የሶቪየት ኢኮኖሚስት አገራችን ከሚሸጠው በላይ አመረተች ብሎ መጻፍ አይችልም። በእገሌ መጋዘን እገሌ የሚባል ካፖርት ተከማችቷል ማለት ግን ይችላል፤ ያንን የሚልበት ቃል ዛቶቫሪቫኒዬ ነው። የተከማቸበት ቦታና ዓይነት አለው፤ ጥፋተኛም አለው፣ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወይም የንግድ ቢሮው። ተርጓሚው ይህን አንሥቶ በጅምላ ቃል ሲተካው፣ የአንድ መጋዘን ችግር የአንድ ሥርዓት ኑዛዜ ሆኖ ይወጣል።

«ግላት» የሚለውም አያዋጣም። በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስለ ነዳጅ «ግላት» ሲጻፍ የወሬው ግማሽ የዋጋ መውደቅ ነው፤ የ1980ዎቹ የነዳጅ መትረፍረፍ በ1986 ዋጋውን እንዴት እንዳንኮታኮተው የሚታወስ ነው። በሶቪየት መጋዘን የከረመው ካፖርት ግን ዋጋው ንቅንቅ አይልም፤ መለያው ላይ የተጻፈው ሩብል ከክረምት ክረምት ያው ነው። ሱቁ በራሱ ሥልጣን ሊቀንሰው አይችልም። ስለዚህ ዕቃው ሲከማች የሚንቀሳቀሰው መንግሥት ነው። በ1959 ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ለሠራተኞች በዱቤ መሸጥ የተፈቀደው ገበያተኛው ስለ ጠፋ ጭምር ነው። በ1964 የሞስኮው ቦልሼቪችካና የጎርኪው ማያክ የልብስ ፋብሪካዎች ከበላይ በሚመጣ ኮታ ፋንታ ሱቆች ባዘዙት መሠረት እንዲሰፉ ሙከራ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት የአሌክሲ ኮሲጊን ማሻሻያ ፋብሪካዎች ይመዘኑበት የነበረውን የጠቅላላ ምርት መለኪያ በተሸጠ ምርት ለወጠው። ተርጓሚዎች ይህን የተሸጠ ምርት እንደ ቀላል የሒሳብ ቃል ያልፉታል። ነገሩ ግን ትልቅ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፋብሪካ ዕቅዱን አሟላ የሚባለው ማንም ያልገዛውን ዕቃ ወደ መጋዘን አስገብቶም ጭምር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደው አስተሳሰብ ክፉኛ የሚሰናከልበት ነገር ይመጣል። በእንግሊዝኛ እጥረትና መትረፍረፍ ተቃራኒዎች ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላው የለም፤ በመካከላቸው ዋጋ ቆሞ ሚዛን ይጠብቃል። በሶቪየት ገበያ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1980ዎቹ በየዓመቱ ከ700 ሚሊዮን ጥንድ በላይ ጫማ ታመርት ነበር፤ በ1989 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ብዛት ወደ 287 ሚሊዮን ነበር። ለአንድ ሰው ከሁለት ጥንድ በላይ ነው፤ ሕፃናቱም ተቆጥረው። ሆኖም ከቼኮዝሎቫኪያ ወይም ከዩጎዝላቪያ የመጣ ጫማ ሱቅ በገባ ቀን ወረፋው ጥግ ይዞር ነበር፤ የአገር ውስጡ ጫማ ከአጠገቡ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ላይ በዓይን ማየት የፈለገ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ለበዓል የሚከፋፈለውን የምግብ ጥቅል ይፍታ። ላይ ላዩን የማይገኘው ነገር አለ፤ ግሬችካ የሚባለው ጥራጥሬ፣ ፈጣን ቡና፣ የሰርዲን ቆርቆሮ። ከሥሩ ደግሞ ማንም የማይፈልገው የባሕር አረም ቆርቆሮ ወይም የሻገተ ብስኩት። ያኛውን የፈለገ ይኸኛውንም መግዛት ነበረበት። ይህ የግዴታ ሽያጭ «ቭ ናግሩዝኩ» ይባላል፣ ተጨማሪ ጭነት እንደ ማለት ነው። ሱቁ በእጥረቱ ትርፉን አራገፈበት። በዚያ ጥቅል ውስጥ ስላለው ገበያ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እጥረት ነበር ቢል ግማሹን፣ ዕቃ ተርፎ ነበር ቢልም ግማሹን ነው የተናገረው። አንደኛውን መርጦ አቻ ቃል ሲያስገባለት ደግሞ እንግሊዝኛው በራሱ ባሕርይ ሌላኛውን ያስክደዋል።

ይህ የኋለኛው ዘመን ብልሽት ብቻ አልነበረም። በ1923 በአዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ወቅት የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ሽቅብ፣ የእህል ዋጋ ቁልቁል ሄደ። ትሮትስኪ በዚያው ዓመት በ12ኛው የፓርቲ ጉባኤ ላይ በሥዕል አስደግፎ መቀስ ያለው ይህን ነው። ገበሬው መግዛት ስላቃተው ጨርቁና ማረሻው በመጋዘን ተቆለለ፤ ሩሲያኛው ይህን «ክሪዚስ ስቢታ»፣ የሽያጭ ቀውስ አለው። መንግሥት የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ እንዲቀንስ አዘዘ፣ በገጠርም ገንዘብ እየበዛ ሄደ፤ በ1925 ደግሞ ዕቃው ከሱቅ ጠፋና «ቶቫርኒ ጎሎድ»፣ የሸቀጥ ረሃብ ተባለ። ያው አገር፣ ያው ፋብሪካ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሽያጭ ቀውስ ወደ ሸቀጥ ረሃብ የተሻገረው ምርቱ ስለ ወደቀ አልነበረም፤ ምርቱማ እያደገ ነበር። የተለወጠው በትእዛዝ የተቆረጠው ዋጋና በሰው እጅ ያለው ገንዘብ ነው። የሚገርመው የእንግሊዝኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ቃል እንዳለ ወስደው «ጉድስ ፋሚን» ብለውታል፤ ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ ነው፣ ግን ሠርቷል። ሸቀጥ ሲራብ ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ይህ ምንድን ነው ብሎ ይቆማል፣ ማብራሪያውንም ይፈልጋል። ስለዚህ ጠላቴ ቃል በቃል መተርጎም አይደለም። ጠላቴ በሌላው ቋንቋ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ የሚኖርን ቃል አምጥቶ እንግዳው ይህ ነው ማለት ነው።

ነገሩን ቀደም ብለው በንድፈ ሐሳብ ካስቀመጡት አንዱ ሩሲያዊው ኢኮኖሚስት ቪክቶር ኖቮዢሎቭ ነበር። በ1926 ስለ ሸቀጥ እጥረት ባወጣው ጽሑፍ እጥረት የምርት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ከሚገባው በታች የመቆረጡ ውጤት መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ገበያም ዕቃውን ለሚያስፈልገው ሳይሆን ለደረሰበት እንደሚሰጥ አስረድቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሃንጋሪያዊው ያኖሽ ኮርናይ በ1980 ባሳተመው ትልቅ ሥራው እጥረትና ትርፍ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ድምር ማውጣት እንደማይገባ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ኢኮኖሚስቶቹ ሪቻርድ ፖርትስና ዴቪድ ዊንተር የአራት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችን የፍጆታ ገበያ በድምር መርምረው በብዙዎቹ ዓመታት ቋሚ የሆነ አጠቃላይ የፍላጎት ትርፍ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ወረፋ ነው የሚያወሩት፤ ልዩነታቸው አቧራ የለበሰው ጫማ ከተፈለገው ጫማ ላይ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው ነው። በድምር ካሰብነው ጫማ በቂ ነው፤ በእግር ካሰብነው የለም። የኮርናይ መጽሐፍ በ1990 በሩሲያኛ ሲወጣ ርዕሱ «ዴፊትሲት» ነበር። ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሆኖም ያንኑ ቃል ወደ እንግሊዝኛ «ዴፊሲት» ብሎ መመለስ አይቻልም። እንግሊዝኛው የበጀት ጉድለት ነው፤ የሩሲያኛው ዴፊትሲት ግን ዕቃውም ራሱ ነው። ዴፊትሲት መጣ ሲባል እጥረት ተከሰተ ማለት ሳይሆን ያጣነው ነገር ሱቅ ገባ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰዉ ዕቃ ገዛሁ ሳይሆን «ዶስታል»፣ አገኘሁ ይል ነበር፤ ሱቁም ዕቃ አወጣ ሳይሆን «ቪብሮሲሊ»፣ ወረወሩ ይባልለት ነበር። ቀልደኛው አርካዲ ራይኪን በታወቀ የመድረክ ሥራው ሁሉ ነገር እንደ ልብ ቢገኝ የመጋዘን ኃላፊው ክብር ምን ይሆናል ብሎ የተሳለቀው በዚሁ ላይ ነው። እጥረት ለአንዳንዱ ሥልጣን ነበረና።

ወደ ፍላጎት መሟላት ስንመጣ ስሕተቱ ይረቅቃል፤ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለመሳት የቀለለ ነው። ሩሲያኛ ሁለት ቃል አለው። «ፖትሬብኖስት» ሰው የሚያስፈልገው ነው፣ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም፤ «ስፕሮስ» ደግሞ ገንዘብ ይዞ የሚጠይቀው። አማርኛችን በኢኮኖሚ ቋንቋው ሁለቱንም ፍላጎት ብሎ ስለሚጠቀልላቸው የመግዛት አቅም ያለው የሚል ጭራ ካልቀጠልንበት አይለይልንም። የእንግሊዝኛው «ዲማንድ» በኢኮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ዋጋ ላይ ሰው ሊገዛው የሚፈቅደው መጠን ነው፤ ዋጋው ካልተነገረ መጠኑ ትርጉም የለውም። የሶቪየት ዕቅድ ግን ፍላጎት ተሟላ የሚለው ከዋጋ ጋር ሳይሆን ከደንብ ጋር አስተያይቶ ነው። ሊቃውንቱ አንድ ሰው በዓመት ስንት ኪሎ ሥጋ፣ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃዋል ብለው ያሰሉና የተገኘውን በተሰላው ያካፍሉታል። ስታሊን በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ በየጊዜው እያደገ የሚሄደውን የኅብረተሰቡን ፍላጎት እስከ መጨረሻ ማርካት የሶሻሊዝም መሠረታዊ የኢኮኖሚ ሕግ ነው ብሎ ነበር፤ የ1982ቱ የምግብ ፕሮግራምም እስከ 1990 ለአንድ ሰው በዓመት 70 ኪሎ ሥጋ ለማድረስ ቃል ገባ። ኪሎ ነው የተቆጠረው። ዋጋውማ በ1962 ሥጋና ቅቤ ላይ ሲጨመር የኖቮቼርካስክ ሠራተኞች ተነሡ፣ ተቃውሞውም በጥይት ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 1991 የሥጋ የመንግሥት ዋጋ አልተነካም። ደመወዝ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ዋጋው ግን የ1962ቱ ነው። በዚያ ዋጋ ላይ ፍላጎትን ማሟላት የሚሸሽን ነገር ማሳደድ ነበር። ታዲያ የሕዝቡን ስፕሮስ በተሻለ እናሟላለን የሚለውን የዕቅድ ዓረፍተ ነገር «ሚቲንግ ዲማንድ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ባለ ዕቅዱ ገበያውን ሚዛን ሊያስይዝ ነው የሚል ወሬ ነው የሚነግረን። ባለ ዕቅዱ የተናገረው ስለ ኪሎ ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ነው የሚለኝ ካለ 1992ን እንይ። በሩሲያ ጃንዋሪ 2 ቀን የዬጎር ጋይዳር መንግሥት የአብዛኛውን ዕቃ ዋጋ ለቀቀው። በዚያ አንድ ወር ብቻ የችርቻሮ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሃያ ስድስት እጥፍ ደረሰ። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በይፋዊው አኃዝ በ14.5 በመቶ ወደቀ። መደርደሪያዎቹ ግን ሞሉ። ቅቤ ተገኘ፣ ቋሊማ ተገኘ፣ ወረፋው ተበተነ። በእንግሊዝኛው መዝገብ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እጥረቱ አበቃ፣ አቅርቦት ከፍላጎት ጋር ተገናኘ። በሩሲያኛው አሮጌ መዝገብ ግን የነፍስ ወከፍ የሥጋ ፍጆታ በ1990 ከነበረበት 75 ኪሎ በ2000 ወደ 45 ወረደ። የሶቪየት ስታቲስቲክስ ሞራውንና የሆድ ዕቃውን ከሥጋው ጋር ስለሚመዝን የመጀመሪያው ቁጥር የተነፋ ነው ይባላል፤ ይሁን፣ የመውረዱ ነገር ግን አያከራክርም። ገበያው ጠገበ፣ በላተኛው ግን አልጠገበም። አሮጌው ሥርዓት ይሻል ነበር እያልሁ አይደለም። ግማሽ ቀን በወረፋ የሚቆም ሰው ዋጋውን በጊዜ ከፍሏል፤ ለባለሥልጣን የተለየ ሱቅ ባለበት አገር ደግሞ እኩል ኪሎ የሚለው ወረቀት ብቻ ነበር። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ በ1992 የሩሲያ ሕዝብ ፍላጎት ተሟላ ወይስ አልተሟላም ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ ቋንቋዎች ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ፣ ሁለቱም በራሳቸው ትርጉም አልዋሹም። ተርጓሚው አቻ ቃል አስቀምጦ ሲያልፍ በዚህ ታላቅ ክርክር ላይ ለአንደኛው ወገን ፈርዶ ነው፣ መፍረዱንም አላወቀም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች በጣም የሚሰማው ተርጓሚ ኢኮኖሚስት አይደለም፣ ከጽሑፉ ውጭ ወጥቶ መተንተን ሥራው አይደለም የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሌላ ይጨምሩበታል፤ የሶቪየት ሰነድ ራሱ በማድበስበስ የተካነ ነው፣ ስለዚህ ተርጓሚው የኮርናይን ንድፈ ሐሳብ ይዞ ገብቶ ጥርት ካደረገው ሰነዱን አበላሸው ይላሉ። የመጨረሻው ክፍል እውነት አለው፤ ማድበስበሱ መጠበቅ አለበት። ግን «ሳቹሬሽን» ማድበስበሱን ጠበቀ? ሚኒስትሩ ገበያውን እናጠግባለን ሲል ያድበሰበሰው ገበያው የተራበ መሆኑን ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን ረሃቡ ራሱ ጠፍቷል። ሽፋኑም የተሸፈነውም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ሱቆችን በሸቀጥ መሙላት ብሎ በተራ እንግሊዝኛ የጻፈ ተርጓሚ ይሻላል፤ ምንም አልተነተነም፣ የማንንም ንድፈ ሐሳብ አላስገባም፣ ባዶ ሱቅ የሚባል ነገር እንዳለም ልክ እንደ ሩሲያኛው በተዘዋዋሪ አስታወቀ። ከባድ የሙያ ቃል በተራ ቃል ሲተረጎም ሙያው ዝቅ ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ እንደማየው በዚህ ሥራ ትልቁ የመሳት ምንጭ ያ ፍርሃት ነው። ዐውደ ንባቡ ያስረዳል የሚሉትም አያሳምኑኝም። ዐውደ ንባብ የሚረዳው ስለ አገሩ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውን ነው፤ እንዲህ ያለው አንባቢ ደግሞ ትርጉም የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው።

የቀረው ተቃውሞ ጊዜው አልፎበታል የሚለው ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፣ የዛሬው ሩሲያዊ ነጋዴ ማርኬቲንግ ተምሯል፣ ናሲሽቼኒዬን ሲናገር እንግሊዛዊው እንደሚለው ነው ይላሉ። ስለ ሞባይል ስልክ ወይም ስለ መኪና ሽያጭ ሲያወራ አዎ፣ እንደዚያ ነው። ግን አዲሱ ትርጉም አሮጌውን ከቤት አላስወጣውም፤ አብረው ነው የሚኖሩት፣ ለተርጓሚው ሥራውን ያከበደውም ይኸው ነው። በ2010 የወጣው የሩሲያ የምግብ ዋስትና ዶክትሪን ከአገር ውስጥ ሊገኝ የሚገባውን ድርሻ በመቶኛ ቆርጦ ነበር፤ እህል ቢያንስ 95፣ ወተት 90፣ ሥጋ 85። የጤና ሚኒስቴርም ለአንድ ሰው የሚበቃውን ምግብ በኪሎ አውጥቷል፤ በ2016ቱ ደንብ ሥጋ 73 ኪሎ ነበር። የሶቪየቱ የዕቅድ ኮሚቴ መንፈስ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በኦገስት 2014 ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚገባ ብዙ ምግብ ሲታገድ፣ ባለሥልጣናቱ ገበያውን በአገር ውስጥ ምርት ስለ ማጥገብ ተናገሩ። ይህን በ«ሳቹሬሽን» የመለሰ ሰው በ2015 ዋጋ 12.9 በመቶ በጨመረበት አገር የምግብ ገበያው ከመሙላቱ የተነሣ ሻጭ ተቸገረ ማለቱ ነው። በዚያ ላይ የድርሻው መቶኛ ራሱ ተንኮለኛ ነው፤ የውጭው ዕቃ ሲቀርና ሰው በውድነቱ ምክንያት ያነሰ ሲገዛ ከአገር ውስጥ አንድ ሊትር ወተት ሳይጨመር የአገር ውስጡ ድርሻ ከፍ ይላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ የደረሰው ተርጓሚ ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ቢያይ የሚሻለው ከሐረጉ ቀጥሎ ያለውን ሠንጠረዥ ነው። ዓምዱ በኪሎና በነፍስ ወከፍ ከተሞላ ጸሐፊው ስለ በላተኛው እያወራ ነው፤ ያን ጊዜ ሱቅ መሙላት፣ ለሁሉ ማዳረስ የሚሉት ተራ ቃላት ይበቃሉ። ዓምዱ በሩብልና በሽያጭ ዕድገት ከተሞላ «ሳቹሬሽን» በደንብ ይሄዳል። ዓምዱ ስለ መጋዘን ክምችት ከሆነ ደግሞ የተኛው ዕቃ ምን እንደሆነና የት እንዳለ በስሙ ይጻፍ፤ አገሩ ሁሉ ሸቀጥ ተረፈው የሚል ቃል አይግባበት። ሠንጠረዡ የአገር ውስጥ ድርሻ መቶኛ ብቻ ሲሆን ደግሞ ከሸቀጡ ስንቱ የአገር ውስጥ እንደሆነ ብቻ ይጻፍ፤ ስለ ጥጋብም ስለ እጥረትም ቁጥሩ ያለው ነገር የለም።